ከገብስ መካከል የበቀለው እህል፦ የአጃ ታሪክ በማሳ፣ በወፍጮና በድስት
(በታሪክ ትምህርት ክፍል የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ስለ ስንዴ፣ ስለ ጤፍ ወይም ስለ ቡና የታሪክ ንግግር ሲሰጥ ማንም አይገረምም። አጃ ግን በታሪክ መጻሕፍት ማውጫ ውስጥ እንኳ በብዛት አይገኝም። ዛሬ ስሙ ሲነሣ ሁለት ነገሮች አብረው ይነሣሉ፤ ርካሽ ነው ይባላል፤ ለጤና ይስማማል ይባላል። ሁለቱም አባባሎች በመሠረቱ እውነት ናቸው። እኔ የምጠይቀው ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነው። ርካሽና ጤናማ የሆነ እህል ስለ ምን ለረጅም ዘመን የፈረስ ቀለብ፣ የድኻ ምግብ፣ አልፎም የእህል በሽታ ተብሎ ተቆጠረ? ከርካሽነቱስ ማን ተጠቀመ? በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የእህል በሽታ» ያልሁት ከራሴ አይደለም። በመጀመሪያው መቶ ዘመን የኖረው ሮማዊ ጸሐፊ ትልቁ ፕሊኒ በ«የተፈጥሮ ታሪክ» መጽሐፉ ስለ ሰብሎች ሲያትት አጃን ከእህል ሕመሞች ግንባር ቀደም ያደርገዋል። በእሱ አስተያየት ገብስ ሲበላሽ ወደ አጃነት ይለወጣል። ደስ የሚለው ነገር እዚያው ላይ የጀርማንያ ሕዝቦች ይህንኑ «በሽታ» ዘርተው እንደሚያጭዱና በእርሱ ገንፎ እንደሚኖሩ መመስከሩ ነው። አንድ ጸሐፊ በአንድ ስፍራ የአንዱን ሕዝብ አረም የሌላው ሕዝብ እንጀራ መሆኑን ጻፈ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ቅራኔ ግን አላስጨነቀውም።

ፕሊኒ በአንድ ነገር ተሳስቷል፤ ገብስ ወደ አጃ አይለወጥም። ያየው ነገር ግን እውነተኛ ነበር። አጃ ከስንዴና ከገብስ መካከል እየበቀለ፣ ገበሬው ሳይፈልገው አብሮ እየተዘራና አብሮ እየታጨደ የኖረ ተክል ነው። ስንዴና ገብስ ከቅርብ ምሥራቅ ወደ ሰሜን አውሮፓ ሲጓዙ አጃ በአረምነት ተከትሏቸው ሄደ። ብርድና እርጥበት ሲበረታ፣ አፈሩም ሲከሳ ዋናው ሰብል እየደከመ አረሙ በረታ። ከጊዜ በኋላ ገበሬው የተሸነፈውን ትቶ ያሸነፈውን መዝራት ጀመረ። ይህን ሐሳብ በሚገባ የቀመረው ሩስያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነው። እንዲህ ያሉትን ሰብሎች «ሁለተኛ ደረጃ ሰብሎች» አላቸው፤ አጃንና ራይን በምሳሌነት ጠቀሰ። ቫቪሎቭ በ1926 መጨረሻና በ1927 መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ፣ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ፣ በደጋው ምድር የእህል ዘር ሰብስቧል። የዓለምን የምግብ ዘር ሲሰበስብ የኖረው ይህ ሰው በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በረኀብ ተጎድቶ ሞተ።

ወደ አገራችን ከገባን ዘንድ እዚህ ጥቂት ልቆይ፤ ታሪኩ የኛም ነውና። በሰሜንና በመካከለኛው ደጋ የገብስ ማሳ ውስጥ ገበሬዎቻችን ሲናር የሚሉት ተክል ይበቅላል። በሳይንስ አቬና አቢሲኒካ ይባላል። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ አሺል ሪሻር ስለ ሐበሻ ዕፅዋት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ መጽሐፉም በትግራይ ለብዙ ዓመታት የኖረውን ጀርመናዊውን ቪልሄልም ሺምፐርን በመሰሉ ሰብሳቢዎች ሥራ ላይ የተመሠረተ ነበር። ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጠው አጃ 42 ክሮሞሶም ሲኖረው ሲናር ግን 28 ብቻ አለው። ስለዚህ የአውሮፓው አጃ ተዋርዶ ወይም ተለውጦ የመጣ አይደለም፤ የራሱ መንገድ ያለው፣ በዚሁ ምድር በገበሬው ማሳ የተለመደ የሩቅ ዘመድ ነው።

የተለመደ ስል ቃሉን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። የዱር አጃ ዘሩን ገና ሳይታጨድ መሬት ላይ ያራግፋል፤ የለማ አጃ ደግሞ እስኪወቃ ድረስ ይይዛል። ሲናር በሁለቱ መካከል ነው፤ አንዳንዱ ያራግፋል፣ አንዳንዱ ይይዛል። ዘሩን የያዘው ከገብሱ ጋር ታጭዶ፣ ከገብሱ ጋር ተወቅቶ፣ በሚቀጥለው ክረምት ከገብሱ ጋር ይዘራል። ማንም ሆን ብሎ አልመረጠውም፤ ማጭድና አውድማ መረጡት። ገበሬውም ጨርሶ አላጠፋውም። የገብሱ ዱቄት ውስጥ ገብቶ እንጀራ ሆኗል፤ ጠላም ተጠምቆበታል። ዝናብ ባነሰበት ወይም ውርጭ በመታበት ዓመት ከማሳው አንድ ነገር እንዲገኝ የሚያደርግ ድብልቅ መሆኑን ገበሬው ያውቃል። የግብርና ባለሙያ «ያልጠራ ዘር» ብሎ የሚመዘግበውን፣ ባለማሳው ለክፉ ቀን መጠባበቂያ አድርጎ ያየዋል።

አጃ ከአረምነት ወጥቶ የአንድ ሕዝብ ዋና ቀለብ የሆነበትን ታሪክ ለማየት ግን ወደ ስኮትላንድ መሻገር ያስፈልጋል። ብርድ፣ ዝናብና ኮምጣጣ አፈር ያለባት ናት፤ ስንዴ በአብዛኛው ግዛቷ አይሆንም፤ አጃ ይሆናል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባወጣው መዝገበ ቃላት አጃን ሲፈታ በእንግሊዝ የፈረስ፣ በስኮትላንድ ግን የሰው ምግብ መሆኑን የሚገልጽ ትርጓሜ ሰጠ። ስኮትላንዳውያን ቅር ተሰኙ፤ ቅሬታው እስከ ዛሬ በቀልድ መልክ አለ። በእኔ አስተያየት መዝገበ ቃላቱ የጻፈው የእህሉን ሳይሆን የበላተኛውን ማዕረግ ነው።

አበሳሰሉን ላስረዳ፤ ርካሽነቱ ያለው እዚያ ላይ ነውና። ከሁሉ ቀላሉ ብሮዝ የሚባለው ነው፦ የአጃ ዱቄት በገበታ ላይ ይደረጋል፣ ጨው ይጨመርበታል፣ የፈላ ውኃ ይፈስበታል፣ ይማሰላል፣ ይበላል። ረጅም እሳት አይፈልግም። ይህ የሚቻለው እህሉ ከመፈጨቱ በፊት በማድረቂያ ምድጃ ላይ ስለሚታመስ ነው። ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ በውኃ ወይም በማር የሚበላበት የኛ በሶም በዚሁ ጥበብ ላይ የቆመ ነው፤ መንገደኛና ዘማች የተሸከሙት አስቀድሞ በቤት እሳት ያለፈ ዱቄት ነበር። የብሮዝና የበሶ ስም መቀራረብ አጋጣሚ ነው፤ ሥርወ ቃል ፍለጋ እንዳትደክሙ። ከዚያ ገንፎው አለ፤ ከዚያ በብረት ምጣድ ላይ የሚጋገረው ስስ የአጃ ቂጣ አለ። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ሶዋንስ ነው። ከወፍጮ የተረፈው ገለባ ጥቂት ዱቄት ተጣብቆበት ይቀራል። ይህን ገለባ በውኃ ዘፍዝፈው እስኪኮመጥጥ ለቀናት ያስቀምጡታል፤ ያጠሉታል፤ ከታች የሚዘቅጠውን ነጭ ዝቃጭ ቀቅለው ይበሉታል። ሊጥ አብኩቶ ላደገ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም።

ተማሪዎችም ከዚህ ታሪክ ውጪ አይደሉም። በስኮትላንድ ዩኒቨርሲቲዎች «የዱቄት ሰኞ» የሚባል የዕረፍት ቀን ነበር። ከገጠር የመጣው ድኻ ተማሪ ወደ ቤቱ ሄዶ የአጃ ዱቄት ከረጢቱን ሞልቶ ይመለስበታል ተብሎ የተሰጠ ቀን ነው። ከገጠር ስንቅ ቋጥሮ ከተማ ገብቶ መማር ምን እንደሆነ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚያውቁ አሉና አላብራራም።

የእርሻ ሠራተኛው ደግሞ ደመወዙን በከፊል በአጃ ይቀበል ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ በባለርስቱ ግቢ በጋራ ጎጆ የሚያድር ያላገባ አራሽ፣ ከጥሬ ገንዘቡ በተጨማሪ የተለመደው የዓመት ድርሻው ስድስት ቦል ተኩል የአጃ ዱቄት ነበር። አንድ ቦል ዱቄት 140 ፓውንድ፣ በኛ መለኪያ 63 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ድምሩ በዓመት ከ410 ኪሎ ይበልጣል፤ በቀን ከአንድ ኪሎ በላይ መሆኑ ነው። ከዚህ ላይ ወተት ይሰጠዋል። አንድ ኪሎ የአጃ ዱቄት ወደ 3,800 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ስለሚሰጥ ከባድ ሥራ ለሚሠራ ሰው እንኳ የሚያንስ አልነበረም። አትክልትና ፍራፍሬ ግን በዚህ ገበታ ላይ እምብዛም አልነበሩም፤ በየቀኑ አንድ ነገር መብላቱም ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልግባ። አዳም ስሚዝ በስኮትላንድ ኪርካልዲ የተወለደ ሰው ነው። በ1776 ባሳተመው «የሀገራት ሀብት» አጃን ደጋግሞ ያነሣል። በዘመኑ ብዙዎች የስኮትላንድ ሠራተኛ ደመወዙ ያነሰው በርካሽ ምግብ ስለሚኖር ነው ይሉ ነበር። ስሚዝ ይህን ገለበጠው፤ ሠራተኛው አጃ የሚበላው ደመወዙ ስላነሰ ነው፤ ምግቡ የዝቅተኛ ደመወዝ ውጤት እንጂ መንስኤ አይደለም አለ። ይህ ዛሬም የሚሠራ ትምህርት ነው። ለድኻ ቤተሰብ ርካሽ ምግብ የሚመክር ሰው፣ ምክሩ ከቅን ልብ ቢመጣም፣ የገቢውን ጥያቄ በድስቱ ጥያቄ እንዳይተካው ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

ይኸው ስሚዝ ግን በሌላ ምዕራፍ አጃ የሚበላው ተራ ስኮትላንዳዊ፣ የስንዴ ዳቦ ከሚበላው እንግሊዛዊ አቻው ይልቅ በጉልበትም በመልክም ያንሳል ብሎ ጻፈ። ማስረጃው ደግሞ በሁለቱ አገሮች ባለጠጎች መካከል ይህ ልዩነት አለመታየቱ ነው። እዚህ ላይ ከእርሱ ጋር አልስማማም። ባለጠጋውና ድኻው የሚለያዩት በእህል ዓይነት ብቻ አልነበረም፤ በመኖሪያ ቤት፣ በሥራ ጫና፣ በሕፃንነት በሚደርስ ሕመምና በምግቡ መጠን ጭምር እንጂ። ስለ ደመወዝ ሲጽፍ የታየው ነገር ስለ እህሉ ሲጽፍ ተሰወረበት። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ኤዲንብራ ውስጥ የሠራተኛ ቤተሰቦችን ገበታ ያጠኑ ሐኪሞች በተቃራኒው አዝነው ነበር፤ ከተማ የገባው ሕዝብ አጃና ወተቱን ትቶ ወደ ነጭ ዳቦና ሻይ መዞሩ ነበር ያሳዘናቸው። ፋብሪካ የምትውል እናት ገንፎ የምታማስልበት ጊዜም ማገዶም የላትም፤ ዳቦ ግን ተጋግሮ ይገዛል። በሚዛን ርካሽ የሆነው እህል በጊዜና በማገዶ ሲሰላ ውድ ሆነ።

ከዚህ ጋር የወፍጮው ጉዳይ ይያያዛል። አጃ እንደ ስንዴ በመውቃት ብቻ ከገለባው አይለይም። ገለባው ፍሬውን ጨምድዶ ይይዛል፤ ከክብደቱም ሩብ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ፈረስ ከነገለባው ይበላዋል፤ ሰው ግን መፈተግ አለበት። ሌላም ችግር አለ። አጃ ከሌሎች እህሎች ይልቅ ስብ ይበዛበታል፤ ሊፔዝ የሚባል ኢንዛይምም በውስጡ አለ። ፍሬው ሲሰበር ኢንዛይሙ ከስቡ ጋር ይገናኛል፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ዱቄቱ መምረርና መሽተት ይጀምራል። በእንፋሎት ወይም በእርጥበት የታገዘ ሙቀት ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ስለዚህ አጃ የሰው ምግብ ለመሆን ምድጃና ወፍጮ ያስፈልጉታል፤ ምድጃና ወፍጮ ደግሞ ባለቤት አላቸው። በስኮትላንድ ገባር ገበሬው እህሉን በባለርስቱ ወፍጮ እንዲያስፈጭና ከእህሉ ቀረጥ እንዲሰጥ በሕግ የታሰረ ነበር፤ ይህ ግዴታ በገንዘብ እንዲለወጥ የሚፈቅድ ሕግ የወጣው በ1799 ነው። ርካሹ እህል ወደ ድስት እስኪደርስ በስንት እጅ እንደሚያልፍ መቁጠር የታሪክ ጸሐፊው ድርሻ ይመስለኛል።

አሜሪካ ላይ በፍጥነት ልለፍ፤ ታሪኩ በማስታወቂያ ሰዎች አስቀድሞ በሰፊው ተነግሯልና። እስከ 19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ድረስ አጃ በዚያ ከፋርማሲ የሚገዛ የሕመምተኛ ምግብ ነበር። ጀርመናዊው ስደተኛ ፈርዲናንድ ሹማኸር በኦሃዮ፣ አክረን ከተማ በ1850ዎቹ ወፍጮ አቋቁሞ ለጀርመንና ለአየርላንድ ስደተኞች ይሸጥ ጀመር፤ የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሣ የሠራዊቱ ትእዛዝ አበለጸገው። በ1877 በዚያው ክፍለ ሀገር ሬቨና ከተማ ያለ ሌላ ወፍጮ ኩዌከር የሚለውን ስምና ሥዕል አስመዘገበ። ድርጅቱ ከኩዌከር ሃይማኖት ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም፤ የሃይማኖቱ ሰዎች የሚታወቁበትን ሐቀኝነት ብቻ ተዋሰ። የተፈተገውን ፍሬ በእንፋሎት አለስልሶ በብረት መዳመጫ ማሳሳት በዚያን ጊዜ ተስፋፋ፤ የማብሰያ ጊዜውም ወደ ደቂቃዎች ወረደ። በ1901 ወፍጮዎቹ ተጠቃለው ኩዌከር ኦትስ ኩባንያ ሆኑ፤ በ1922 ደግሞ ፈጥኖ የሚበስለው ዓይነት ወጣ። ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነው ከበርሜል በጭልፋ ይሸጥ የነበረውን እህል በታተመ ካርቶን ማሸጋቸው ነው። ንጽሕናው እውነተኛ ጥቅም ነበር፤ የኤዲንብራዋ እናት ያጣችውንም ጊዜ መለሰ። ገዢው ግን ከዚያ ወዲህ ለእህሉ ብቻ ሳይሆን ለሥዕሉም ይከፍላል።

ጤናን በተመለከተ፣ በአጃ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል በውኃ የሚሟሟ አሰር አለ። በትኩስ ውኃ ውስጥ ወፍራም ልጋግ ይሠራል፤ የቢል አሲድን ይዞ ከሰውነት ስለሚያስወጣ ጉበት ምትኩን ለመሥራት ከደም ኮሌስትሮል ይወስዳል። በ1980ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የአጃ ፉርሽካ እንደ መድኃኒት ተሯሯጡለት። በ1990 ሃያ ሰዎችን ብቻ የያዘ አንድ ጥናት ጥርጣሬ ሲያነሣ ገበያው ወደቀ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1997 በቀን 3 ግራም የአጃ ቤታ ግሉካን ሳቹሬትድ ስብና ኮሌስትሮል ካነሰበት አመጋገብ ጋር የልብ ሕመም ሥጋትን ሊቀንስ ይችላል የሚል ጽሑፍ በማሸጊያ ላይ እንዲወጣ ፈቀደ። አመልካቹ ራሱ ኩዌከር ኦትስ ኩባንያ ነበር። ሳይንሱ በዚህ ምክንያት ሐሰት አይሆንም፤ ነገር ግን ጤናማ ምግብ ሁሉ እንዲህ ያለ ባለጉዳይ አያገኝም። 3 ግራም ማለት ወደ 75 ግራም ገደማ ደረቅ አጃ ነው፤ ከአንድ ጥሩ ሳህን ቁርስ ብዙም አይርቅም።

አሜሪካ ውስጥ አጃ በሕመምተኛ በር እንደ ገባ ተናግሬአለሁ፤ በኛም ቤት እንዲሁ ነው። የአጃ አጥሚት የአራስ፣ ከሕመም ያገገመ ሰውና የሕፃን ምግብ ነው። እናቶቻችን «ወገብ ያጠናል» ብለው ያጠጡናል፤ ጤነኛ ጎልማሳ በየቀኑ ቢጠጣው ግን «ምን ሆንህ?» ይባላል። ስለዚህ በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ «ኦትስ» የሚል ስም ይዞ ከውጭ የሚመጣው እና በወፍጮ ቤት በኪሎ የሚሸጠው «አጃ» ሁለት የተለያዩ ምግቦች መስለው ይኖራሉ። ተክሉ አንድ ነው፤ የሚለያዩት በእንፋሎት መለስለስና በመዳመጥ፣ እጅግ ደግሞ በዋጋ ነው።

ከወፍጮ ቤት የሚገዛውን ለዕለት ገበታ ማዋል ለሚፈልግ ከላይ ያልሁት ታሪክ ጥቂት ተግባራዊ ነገር ይነግረዋል። ዱቄቱን ለብዙ ወር አከማችቶ መያዝ አይበጅም፤ ስቡ ይለወጣል። የተፈተገውን ፍሬ ገዝቶ በደረቅና በቀዝቃዛ ስፍራ ማኖር፣ ጥቂት ጥቂት እያሉ ማስፈጨት ይሻላል። የተከካው ለቂንጬ ይሆናል፤ ማታ ተዘፍዝፎ ካደረ ጠዋት የሚወስደው ማገዶ ወይም መብራት በእጅጉ ይቀንሳል። ውኃው ለአንድ እጅ አጃ ሦስት እጅ ያህል ነው፤ ቅቤ ለጋ ሲሆን መልካም፣ በጾም ደግሞ ዘይትና ሽንኩርት ይበቃዋል። ዱቄቱን በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ ከዚያ እሳት ላይ ማድረግ ጓል እንዳይሠራ ያደርጋል። ለሾርባ አንድ እፍኝ አጃ ከምስር ጋር ቢገባ ልጋጉ ራሱ ያወፍረዋል፤ በአጃ ፕሮቲን ውስጥ የሚያንሰውን ላይሲን ምስሩ ይሞላዋል። ይህ ለሆድ የሚበቃ፣ ከታሸገው ኦትስ በእጅጉ የሚረክስ ምግብ ነው። የስሚዝን ማስጠንቀቂያ ግን አትርሱ፤ ይህን ሁሉ ለማድረግ ጊዜ፣ ድስትና እሳት ያለው ሰው ያስፈልጋል።

የቀረኝ የሲናር ጉዳይ ነው። በአገራችን የእርሻ ምርምር አጃ በአብዛኛው የተያዘው በመኖነት ነው፤ ከቬች ጋር ተቀላቅሎ ለወተት ላም ይዘራል። ሲናር ደግሞ በሌላ በኩል በስንዴ አረምነት ተፈርጇል። በአርሲና በባሌ ሰፋፊ የስንዴ ማሳዎች ላይ የአጃ ዘመዶችን የሚያጠፋ ፀረ አረም መድኃኒት ይረጫል። ስንዴ ለሚያመርት ገበሬ ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ የዱር አጃ ምርቱን ይበላበታል። መድኃኒቱ ግን ሲናርን ከዱሩ አጃ አይለይም። በ1976 በጀርመን ርዳታ የተቋቋመው የዕፅዋት ዘረመል ማዕከል፣ የዛሬው የብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት፣ ዘር በቅዝቃዜ ያቆያል። የትኛው ወንፊት ሲናሩን ከገብሱ ይለያል፣ በየትኛው ዓመት ሳይለይ ይተዋል፣ ለጠላ ምን ያህሉ ይደረጋል፣ ለአራስ የሚመረጠው የትኛው ነው የሚለው ግን በማቀዝቀዣው ውስጥ የለም፤ ሽማግሌዎችና እናቶች ዘንድ ነው ያለው።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች በዚህ ላይ ብትሠሩ ደስ ይለኛል። ቃለ መጠይቁን ከወፍጮ ቤቶች ጀምሩ፤ ባለወፍጮ በየዓመቱ ምን ያህል ድብልቅ እህል እንደሚገባለት በዓይኑ ያውቃል። ከዚያ ወደ አውድማው ውረዱ፤ ከወንዶቹ ይልቅ ሰፌድና ወንፊት የያዙትን ሴቶች ጠይቁ። የአካባቢውን መጠሪያ እንደሰማችሁ ጻፉ፤ «አጃ» ብላችሁ አታስተካክሉት። ለመርኃ ግብሩ ከተመደበው ሰዓት ሃያ ደቂቃ ይቀራል፤ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።